የምርቃቱ ሲዲና የማርከሩ ነገር

ዛሬ ትንሽ ላስቸግራችሁ ነው። ይህን ገጽ አንብባችሁ ከመጨረሳችሁ በፊት ተነሡና ከቴሌቪዥኑ ሥር ያለውን መሳቢያ ክፈቱት። ያለቀ የሪሞት ባትሪ፣ የተበጠሰ ቻርጀር፣ የየትኛው በር እንደሆነ የማይታወቅ ቁልፍ ታገኛላችሁ። ከእነሱ ሥር ሲዲ አለ። አንዳንዱ በወረቀት ልባሱ፣ አንዳንዱ ራቁቱን፣ አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። ሰርግ አለ፣ ክርስትና አለ፣ የዩኒቨርሲቲ ምረቃ አለ፣ የሙት ዓመት ተዝካርም አይጠፋም። የትኛው የምን እንደሆነ ግን ዴክ ውስጥ ካልገባ አይታወቅም። ዴኩ ደግሞ ከተበላሸ ሁለት ዓመት አልፎታል።

«ፍላሽና ስልክ ባለበት ዘመን ስለ ሲዲ ምን አስወራሽ?» ትሉኝ ይሆናል። ሲዲው ስላለ ነዋ! ከቪዲዮ ካሴት በኋላ፣ ስልክ የሁሉም ካሜራ ከመሆኑ በፊት፣ በመካከል የተደገሰው ድግስና የተሞሸረው ሙሽራ አብዛኛው ያለው በእነዚህ ክብ ነገሮች ላይ ነው። ሌላ ቅጂ የለውም። አሁን ደግሞ ብዙ ቤተሰብ መሳቢያውን አራግፎ መለየት ጀምሯል። ከተለየ በኋላ የሚመጣው ሥራ ስም መጻፍ ነው፤ ስም ለመጻፍ ደግሞ እጃችን የሚሄደው አጠገባችን ወዳለው መጻፊያ ነው። እኔ ላስቆማችሁ የፈለግሁት እዚያ ላይ ነው።

ነገሩን ያነሣሁት በራሴ ስለደረሰ ነው። ባለፈው ጥር አዊ ውስጥ ጥርባ፣ አክስቴ ዘንድ ነበርኩ። አክስቴ ሲዲዎቻቸውን በአሮጌ ነጠላ ጠቅልለው ከልብስ ሣጥናቸው ግርጌ ነው የሚያስቀምጡት። ሠላሳ ገደማ ይሆናሉ። «ነይ እስቲ ልጄ፣ አንቺ ፊደል የቆጠርሽ ነሽ፤ የየትኛው ምን እንደሆነ ጻፊልኝ» አሉኝና አልጋው ላይ ዘረጉልኝ። ጎረቤት ቤት ደህና ዴክ ነበረና እሱን ተውሰን ከጠዋት ጀምሮ አንድ በአንድ ስናስገባ ዋልን።

አምስቱ የጥር 23 ናቸው። የአዊን አገር ለምታውቁ መንገር አያስፈልገኝም፤ ለማታውቁ ግን የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን በዓሉን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ያከብራል። ባጌጡ ፈረሶች ሜዳው ይሞላል፣ ጉግሥና ሽርጥ ይታያል፣ አቧራው ይጨሳል። እንግዲህ አምስቱም ሲዲ ላይ ያጌጠ ፈረስ፣ ጉግሥና አቧራ ነው ያለው። ዓመተ ምሕረት የተጻፈበት አንድም የለም። በመጨረሻ የለየናቸው በአጎቴ ዳማ ፈረስ ነው። «ይቺ ዳማው ሳይሞት ነው፤ ይቺኛዋ ከሞተ በኋላ ነው፤ እዚህ ላይ እንኳ የተዋሰውን ፈረስ ነው የተቀመጠው» እያሉ አክስቴ ፈረዱ። ዳማው ባይኖር ምን ልናደርግ ነበር?

ከዚያ የልጃቸው ሰርግ መጣ። ሦስት ሲዲ ነው። በ«ቁጥር 2» ላይ አያቴ፣ የአክስቴ አባት ማለት ነው፣ ሙሽሮቹን ሲመርቁ ይታያል። መጀመሪያ በአገውኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ። ከሰርጉ ሁለት ዓመት በኋላ አርፈዋል። ድምፃቸው ያለበት ሌላ ምንም ነገር የለንም። ጎረቤቶቹም ሰምተው መጡና ቤቱ ሞላ። ሲዲው ገባ፣ ሙሽሮቹ ተነሡ፣ ጉልበት ለመሳም ጎንበስ አሉ፣ አያቴ እጃቸውን ዘረጉ። ምስሉ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን እየሆነ ተበታተነ፣ ድምፁ ተንተባተበ፣ ቆመ።

«ዴኩ አርጅቶ ይሆናል» አሉ አክስቴ። እኔም እንደዚያ ብሎ ቢሆን ደስ ባለኝ። ሲዲውን አውጥቼ በመስኮቱ ብርሃን ስመለከተው ግን ከታች በኩል፣ በሚያብረቀርቀው ገጽ ላይ፣ የእጅ ጽሑፍ ተገልብጦ ይነበባል። «ሰርግ ቁ. 2» ይላል። ጽሑፉ የእኔ ነው። ያን ጊዜ ሲዲዎቹ ከፎቶ ቤት እንደመጡ በጉልበቴ ላይ አስደግፌ በጥቁር እስክሪብቶ ጽፌያቸዋለሁ። እስክሪብቶው በለስላሳው ገጽ ላይ አልቀልም ሲለኝ፣ ደግሜ ደጋግሜ ተጭኜ ነው የጻፍኩት።

እስክሪብቶ ምን ሊያደርግ ቻለ? ሁላችንም ስለ ሲዲ የምናውቀው አንድ ነገር «የሚያብረቀርቀውን አትንኩት» የሚለውን ነው። ልጆቻችንን የምንቆጣውም በዚያው ነው። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው የሚብሰው። የቤታችሁን መስታወት አስቡት። ፊታችሁን የሚያሳያችሁ ከመስተዋቱ በስተጀርባ የተቀባው ስስ ብርማ ንጣፍ ነው። ከፊት በኩል ወፍራም ብርጭቆ ይጠብቀዋል፤ ከኋላ በኩል ግን ቀለም ብቻ ነው ያለው። መስታወቱን ከኋላ በምስማር ብትፍቁት ፊታችሁ ላይ ቀዳዳ ይወጣል። ሲዲም እንደዚያው ነው። 1.2 ሚሊ ሜትር ከሆነው ውፍረቱ ሁሉም ማለት ይቻላል ከታች በኩል ያለው ጥርት ያለ ፕላስቲክ ነው። ቅጂው የተቀመጠበት ቀለምና ብርሃን የሚመልሰው ብርማ ንጣፍ ያሉት ከላይ፣ ስም በምንጽፍበት ፊት ሥር ነው። የሚሸፍናቸው ከጠጉር እጅግ የሳሳ የቫርኒሽ ልባስ ብቻ ነው። ስለዚህ ከታች ቢጫር ብዙ ጊዜ ተወልውሎ ይነበባል፤ ከላይ ቢጫር ግን ቅጂው ራሱ ተፍቆ ሄደ ማለት ነው።

ዲቪዲ በዚህ ረገድ ይሻላል። እሱ 0.6 ሚሊ ሜትር የሆኑ ሁለት ፕላስቲኮች ተጣብቀው የተሠራ ነው፤ ቅጂው በመካከላቸው ነው ያለው። ጠርዙን በጥፍራችሁ አቅራቢያ አድርጋችሁ ብታዩት የመጋጠሚያው መሥመር ይታያል። ከላዩ ላይ የሚጻፍበት ነገር ወደ ቅጂው ለመድረስ ግማሽ ሚሊ ሜትር ማለፍ አለበት። በእኛ አገር «ቪሲዲ» የምንለው ግን በውስጡ ሲዲ ነው። የብዙዎቻችን ሰርግ ደግሞ በቪሲዲ ነው ያለው።

እንግዲህ እስክሪብቶና እርሳስ ቀርተዋል። ጫፋቸው ጠንካራ ነው፤ ይጫናል፤ ይቦረቡራል። የቀረን ማርከር ነው። በማርከር ላይ ያለው ችግር ጫፉ ሳይሆን በውስጡ ያለው ፈሳሽ ነው።

ማርከር ማለት ቀለም በአንድ ፈሳሽ ውስጥ ሟሙቶ ማለት ነው። ስትጽፉ ፈሳሹ ይተንና ቀለሙ ይቀራል። ፈሳሹ ውኃ ሊሆን ይችላል፣ አልኮል ሊሆን ይችላል፣ ወይም ደግሞ ዛይሊንና ቶሉዊን የሚባሉት ኃይለኛ ማሟሚያዎች ሊሆኑ ይችላሉ። የመጨረሻዎቹ በቀለም ማቅጠኛ፣ በተለምዶ ቲነር በምንለው ውስጥ የሚገኙት ዓይነት ናቸው። በብረት፣ በጎማ፣ በማዳበሪያ ከረጢት ላይ ለመጻፍ የላቀ ነገር የለም። ያ ሁሉ ጉልበት ግን ስሱ ቫርኒሽ ላይ ሲያርፍ ቫርኒሹን ሊያለሰልሰውና ሊያልፈው ይችላል። ጉዳቱ ዛሬ ላይታይ ይችላል። ጽፋችሁ፣ አስገብታችሁ፣ አይታችሁ «ምንም አልሆነም» ብላችሁ ታስቀምጡታላችሁ። ከዓመታት በኋላ ስታወጡት ነው የሚነግራችሁ።

በዚህ ላይ የተጻፈ ደህና መመሪያ አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም ፍሬድ ባየርስ በሚባል ባለሙያ አዘጋጅነት እ.ኤ.አ. በ2003 ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዛግብት ሠራተኞች ያወጣው ነው። በሲዲ ላይ የምትጽፉ ከሆነ ውኃ ወለድ ቀለም ያለው፣ ጫፉ ለስላሳ የሆነ ማርከር ይሁን ይላል። አልኮል ያለባቸው በጠቅላላው ከእነዛይሊን ይልቅ ጉዳታቸው አነስተኛ እንደሆነም ይጠቅሳል። እነዛይሊንን ግን ፈጽሞ አትጠቀሙ ነው የሚለው። መጽሐፍ ቤት ያለው ሰው ይህን ማክበር አይከብደውም፤ እኛ ግን ከተማችን ውስጥ ካለው ሱቅ ነው የምንገዛው። ስለዚህ ወደ ሱቁ እንሂድ።

ሱቅ ሄዳችሁ «ማርከር» ስትሉ ሻጩ «የምን? የዋይትቦርድ ነው ፐርማነንት?» ይላችኋል። ሁለቱንም አሳዩኝ በሉ። የዋይትቦርዱን ወዲያው መልሱለት። እሱ የተሠራው እንዲጠፋ ነው፤ ሲዲ ላይ ብትጽፉበት ጣታችሁ ሲነካው ይሄዳል፣ በወረቀት ልባሱ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ይሄዳል። ለአክስቴ ከሌሎቹ ሲዲዎች ሰባቱን የጻፈላቸው አንድ ተማሪ በዋይትቦርድ ማርከር ነበርና የቀረው ጥቁር ጭጋግ ብቻ ነው። እርግጥ ነው፣ ከእኔ እስክሪብቶ እሱ ይሻላል፤ ስሙ ጠፋ እንጂ ቅጂው አልጠፋም።

ፐርማነንት የተባለውን በእጃችሁ ያዙና ጎኑን አንብቡ። በላዩ ላይ ዛይሊን ወይም ቶሉዊን የሚል ካለ ተዉት። ዛይሊን በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በ«ኤክስ» ጀምሮ ስለሆነ ለማግኘት ቀላል ነው። ተጠንቀቁ ታዲያ፣ አንዳንዱ ላይ ቃሉ የሚጻፈው «ከዛይሊን ነፃ» ለማለት ነው፤ እሱማ የምትፈልጉት ነው። አልኮል ወይም ውኃ የሚል ካገኛችሁ ያዙት። ምንም ያልተጻፈበትስ? እዚህ ላይ አፍንጫችሁን ተጠቀሙ። ክዳኑን ክፈቱና ከክንድ ርቀት አሽትቱ፤ ወደ አፍንጫ ማስጠጋት አያስፈልግም፣ ልጅ አጠገብም አታድርጉት። የቲነር ወይም አዲስ የተቀባ የብረት በር ሽታ ከሸተታችሁ፣ ራስ የሚያዞር ከሆነ፣ ሲዲ ላይ አይጻፍበትም። ሐኪም መርፌ ከመውጋቱ በፊት በጥጥ የሚቀባው ዓይነት ሽታ ከሆነ አልኮል ነው። ምንም የማይሸት ከሆነ ውኃ ነው።

ታዲያ ውኃው ከተሻለ ለምን ሁላችንም እሱን አንገዛም? ሁለት ምክንያት አለው። አንደኛ፣ በቀላሉ አይገኝም። ሁለተኛ፣ በሚያብረቀርቅ ልሙጥ ገጽ ላይ ቶሎ አይደርቅም፤ እርጥብ እጅ ሲነካው ይደበዝዛል። የአዊን ክረምት የምታውቁ፣ ልብስ ሦስት ቀን ተሰጥቶ የማይደርቅበትን ሰሞን፣ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባችኋል። ከላይ ነጭና ሻካራ ሆነው የተሠሩ፣ በፕሪንተር የሚታተምባቸው ሲዲዎች ካሏችሁ ግን ውኃውን ጥሩ አድርገው ይጠጡታል። ለሲዲና ለዲቪዲ ተብለው የተለዩ ማርከሮችም አሉ፤ ስቴድለር ለምሳሌ ሉሞከለር በሚለው ስም የሚያወጣው አለው። በትላልቅ ከተሞች የጽሕፈት መሣሪያ መደብሮች ጠይቁ። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ካላችሁም ከሽቶና ከጫማ ጋር አንድ ማርከር ጨምር ማለት ሸክም አይሆንበትም። ከሌለ፣ አልኮል ያለበትን ያዙና ከዚህ በታች በምነግራችሁ ቦታ ላይ ብቻ ጻፉ። እኔ አሁን የምጠቀመው በዚህኛው ነው።

ስለ ጫፉ አንድ ቃል። የውጭዎቹ ምክር ሰጪዎች ይህን አያውቁትም፤ የእኛ ፊደል ጥቃቅን ቅጥያ አለው። በወፍራም ማርከር «ሉ» ብላችሁ የጻፋችሁት «ሊ» ይመስላል፣ «ሠርግ» ጉብታ ይሆናል፣ «ቁ» እና «ቀ» አይለዩም። የባለ መርፌ ጫፉ ደግሞ ጠንካራ ስለሆነ እንደ እስክሪብቶ ይቦረቡራል። የምትፈልጉት የአንድ ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ ትንሽ የቀጠነ፣ ጫፉ እንደ ጨርቅ የለሰለሰ ነው። በጥፍራችሁ ነካ ስታደርጉት እጥፍ የሚል ከሆነ ደህና ነው። አንዳንዶቹ ጎናቸው ላይ በእንግሊዝኛ «ኤፍ» ወይም «ኤም» የሚል ፊደል አለባቸው፤ ቀጭንና መካከለኛ ማለት ነው። «ቢ» ያለበት ለጆንያ ነው።

ቀለሙ ጥቁር ይሁን። ቀይና አረንጓዴ ያምራሉ፤ ብርሃን ግን ቶሎ ያደበዝዛቸዋል።

የአገራችን ጸሐፍት ይህን ነገር ከማንም በፊት ያውቁታል ብል አጋነንሽ አትበሉኝ። ጥቁሩን የብራና ቀለም የሚያዘጋጁት ከጥላሸትና ከተቆላ እህል ነው። ወራት ይወስዳል። ቀለሙ በቆዳው ላይ ይቀመጣል እንጂ ቆዳውን አይበላም። በአውሮፓ ለብዙ ዘመን ይጻፍበት የነበረው ከብረት የሚሠራ ቀለም ግን አሲድ አለውና ስንቱን ወረቀት በፊደሉ ቅርጽ በስቶታል። ብራናውን የሚያውቅ ሰው ቀለሙን ለብራናው ብሎ ይሠራል። እኔ ቅኔ ቤት ያደገ አያት እያለኝ ነው ሲዲን በእስክሪብቶ የጻፍኩት።

አሁን ወደ ቦታው። ሲዲውን አንሡና መሐሉን እዩት። ከቀዳዳው ዙሪያ ጥርት ያለ፣ ብርማው ንጣፍ ያልደረሰበት የፕላስቲክ ቀለበት አለ። ወርዱ ከጣት ወርድ ብዙም አያንስም። እዚያ ላይ ምንም ቅጂ የለም፤ ቅጂው የሚጀምረው ከእሱ ቀጥሎ ነው። የትኛውም ማርከር እዚያ ላይ ቢያርፍ የሚጎዳው ነገር የለም። ቦታው ጠባብ ነውና «ሰርግ 2001፣ 2/3» ብሎ ማሳጠር ያስፈልጋል፤ ሙሉ ታሪኩን በልባሱ ወይም በአንድ ደብተር ላይ ጻፉት። እኔ አሁን ሁሉንም እዚያ ቀለበት ላይ ቁጥር ብቻ እሰጣለሁ፤ 1፣ 2፣ 3። ዝርዝሩ ያለው ደብተር ላይ ነው። ደብተሩ ከጠፋ ጉድ ነው፤ ስለዚህ ገጹን በስልክ ፎቶ አንሥቼዋለሁ።

ሲዲ የሚሞላው ከመሐል ወደ ዳር ነው፤ እንደ ድሮው ሸክላ አይደለም። ስለዚህ ቅጂው አጭር ከሆነ ዳር ዳሩ ባዶ ነው። በግድ ከቀለበቱ ውጭ መጻፍ ካለባችሁ ወደ ዳር ጻፉ። በምንም ምክንያት ግን ከቀለበቱ አጠገብ፣ መጀመሪያው ላይ አትጻፉ። እዚያ ያለው የሲዲው ማውጫ ነው፤ እሱ ከተጎዳ ዴኩ ሲዲ እንደገባበት እንኳ አያውቅም።

የተሳሳተ ጽሑፍ ለማጥፋት ብላችሁ አሴቶን እንዳትነኩ። የጥፍር ቀለም የሚያስለቅቅ ነገር የሲዲን ፕላስቲክም ያስለቅቃል። ሰርዛችሁ አጠገቡ ጻፉ፤ አያምርም፣ ግን ይነበባል። ስቲከርም አትለጥፉ። ሲዲ በዴክ ውስጥ በደቂቃ በመቶዎች ጊዜ፣ በኮምፒውተር ውስጥ ደግሞ በሺዎች ጊዜ ይሽከረከራል፤ ትንሽ ወረቀት አንድ ጎን ላይ ከተለጠፈች ሚዛኑን ታዛባለች። በሙቀት ጫፏ ተነሥቶ ዴኩን ትይዘዋለች። ቀድሞ የተለጠፈ ካለ ደግሞ አትላጡት፤ ከሲዲ ላይ ስቲከር ሲላጥ ቅጂውን አብሮ ይዞ የሚነሣበት ጊዜ አለ። እንደ ቁስል ቅርፊት ነው፤ ይቆይ።

በአዲስ ማርከር መጀመሪያ የምትጽፉት በሰርጋችሁ ሲዲ ላይ አይሁን። የተበላሸ ሲዲ በየቤቱ አይጠፋም። በእሱ ላይ ጻፉና ለአንድ ወር ተዉት። ከዚያ ከታች በኩል በብርሃን እዩት። ጽሑፉ ከታች ተገልብጦ ከታየ፣ ወይም በፊደሎቹ ዙሪያ ብርማው ደብዝዞ ከሆነ ማርከሩን ለጆንያ ስጡት።

ምን እንደሚጻፍ ካልተናገርኩ ደግሞ ማርከሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። የአክስቴ ልጅ ሰርግ የተደገሰው ጥር 24 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። ካሜራው በምስሉ ጥግ ላይ የጻፈው ግን 02/01/2009 ነው። አዲስ አበባ ያለችው ልጃቸው «ጥር 2 ነው እንዴ የተጋባችሁት?» አለች። በውጭ ያለው ወንድማቸው «ጃንዋሪ 2» ብሎ አነበበው። ካሜራው ወሩን ያስቀደመ ነበርና ትክክሉ ፌብሩዋሪ 1 ነው። አንድ ሰርግ አራት ቀን ሆነ! የተወለዱት ልጆች ደግሞ 2001 የሚለውንና 2009 የሚለውን ሁለት ቁጥር ሲያዩ ወላጆቻቸው ሁለት ጊዜ የተጋቡ ይመስላቸዋል። ስለዚህ የወሩን ስም በፊደል ጻፉት፤ ዓመቱን ስትጽፉም «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትለዋን አትርሷት። ሁለት ወይም ሦስት ፊደል ናት፤ የስምንት ዓመት ግርግር ታስቀራለች። ከዚያ የቦታው ስም። «ሰርግ» ብቻ ብሎ የተጻፈ ሲዲ በእኛ ቤት አራት አለ።

ቀለሙ ሳይደርቅ ሲዲውን አታስገቡ፣ ልባስ ውስጥም አትክተቱት። አስቀምጣችሁ ቡና አፍሉ፤ አቦሉ ሲጠጣ ደርቋል። ሲደርቅ በጠንካራ ልባሱ አድርጋችሁ እንደ መጽሐፍ አቁማችሁ፣ ፀሐይና ጭስ በማይደርስበት፣ እርጥበት በሌለበት አስቀምጡት። በአንድ ጊዜ የሚቀዱት የእነዚህ ሲዲዎች ቀለም ብርሃን አይወድም፤ መስኮት ላይ የከረመ ሲዲ በማርከር ሳይነካ ያልቃል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኮምፒውተር ያለው ሰው ስታገኙ ወደ ሁለት ቦታ አስገልብጡት።

የእኛን «ቁጥር 2» ይዤ እንጅባራ ወረድኩ። አንድ ኮምፒውተር ቤት ውስጥ ያለ ልጅ አሮጌ የሲዲ ማንበቢያ አውጥቶ፣ ቀስ አድርጎ፣ ግማሽ ቀን ሙሉ ሲገለብጥልኝ ዋለ። ዴክ ያቃተውን ኮምፒውተር የሚያነብበት ጊዜ አለ። አብዛኛው ወጣ። የአማርኛው ምርቃት ሙሉ ነው። የአገውኛው ግን «ሰ»፣ «ር» እና «ግ» ብዬ በተጫንኩባቸው ቦታዎች ላይ ተቆራርጧል፤ ምስሉ ይቆማል፣ ድምፁ ይጠፋል፣ ከጥቂት ሴኮንድ በኋላ አያቴ ሌላ ቃል ላይ ይገኛሉ።

በፍላሽ አድርጌ ጥርባ መለስኩላቸው። አክስቴ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። አያቴ እጃቸውን ዘረጉ፣ ጀመሩ፣ ድምፁ ተቋረጠ። በተቋረጠበት ላይ አክስቴ በአገውኛ ቀጠሉ። ድምፁ ሲመለስ ዝም አሉ። እንደገና ሲቋረጥ እንደገና ቀጠሉ። ቃሉን ከልጅነታቸው ጀምሮ በየሰርጉና በየበዓሉ ሲሰሙት ነው ያደጉት፤ አንድም አልሳቱም። እህታቸውና ጎረቤቶቹ እየተከተሉ አሜን ይሉ ነበር።

በሁለተኛው ዙር ስልኬን አውጥቼ ቀዳሁት። ያን ቀን ማታ በአንድ አዲስ ዲቪዲ ላይ ሁለቱን አብሬ አስገለበጥኩና ከቀዳዳው ዙሪያ ባለው ቀለበት ላይ፣ አልኮል ባለበት ጥቁር ማርከር፣ ሳልጫን፣ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «31፣ ምርቃት፣ ጥርባ፣ ጥር 24/2001 ዓ.ም.»።